ጀርባዬ ዋንዛ ይሆናል

የያዙን ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር በተከራየሁት አንድ ክፍል ቤት ሦስታችን ጠረጴዛ ከበን ተቀምጠን ነበር። ሙቀቱ ስላላስቻለን በሩን ከፍተነዋል። አምስት ሆነው ገቡ። ከፊት የነበረው ሰው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሁሉ ረጋ ብሎ ተመለከተ። ካርቶን ላይ የተሳለ የከተማ ካርታ አለ፤ የጥበቃ ማማዎቹ በቀይ እስክሪብቶ ተከበዋል። ሦስት ደብተር አለ፤ ቁጥር የተጻፈባቸው ጥቂት ባለ ብዙ ጎን ዳይሶች አሉ። የካርታው ጥግ ላይ በእኔ እጅ ጽሑፍ «ቅዳሜ በምሥራቁ በር እንገባለን» ይላል።

«ይሄ ምንድነው?» አለ።

«ጨዋታ ነው» አልኩት።

ግንባሬን አየ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር፤ ፀጉሬ መሸሽ ጀምሯል።

«ትልቅ ሰው ነህ እኮ» አለኝና ካርታውን ጠቅልሎ ብብቱ ሥር አደረገው።

በዚያ ሰሞን ከተማው ውስጥ ሰው ይያዝ ነበር። ማን በምን እንደተያዘ በቅጡ የሚያውቅ አልነበረም፤ የሚጠይቅም ጥቂት ነው። እኔ በግል ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ነኝ። አብራኝ የተያዘችው መሃል ከተማ ካሉት ፋርማሲዎች በአንዱ የምትሠራ ጓደኛዬ ናት። ሦስተኛው የባጃጅ ሹፌር ነው። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ሲያደርሰኝ ነው የተዋወቅነው፤ «ቲቸር» ነው የሚለኝ። ፒክአፕ መኪናቸው ላይ ሲጭኑን እሱ ያስጨነቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ባጃጄን ሳልቆልፍ» ይላል። «ቲቸር፣ ቁልፉ እላዩ ላይ ነው።»

ጣቢያ ስንደርስ ፋርማሲስቷን ወደ ሴቶች ክፍል ወሰዷት። ሹፌሩን ሌላ ክፍል፣ እኔን ደግሞ ግቢው ጥግ ላይ ካለው ክፍል አስገቡኝ። መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳውን ነው። ከወለሉ እስከ ሰው ትከሻ ድረስ ጥቁር ሆኖ ያብረቀርቃል፤ ተደግፈውት ከተቀመጡ ሰዎች ጀርባ የቀረ ላብና ቅባት ነው። ከትከሻ በላይ ያለው አሁንም ቢጫ ነው። ሠላሳ የምንሆን ሰዎች ነበርን። በሩ አጠገብ ባልዲ አለ። ትኋኑ በቀንም አያፍርም።

የክፍሉ ካቦ፣ ማለትም ከእስረኛው ተመርጦ መኝታና ምግብ የሚያደላድለው ሰው፣ «ኬዝህ ምንድነው?» አለኝ።

«ጨዋታ።»

«ቁማር?»

«አይደለም። ተረት የመሰለ ነው። እያንዳንዱ ሰው አንድ ሰው ይሆናል...»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ካቦው አልሳቀም። «እዚህ ሁሉም ሰው አንድ ሰው ይሆናል» አለና ባልዲው አጠገብ ያለውን ቦታ አሳየኝ።

በአራተኛው ቀን ለምርመራ ተጠራሁ።

መርማሪው ሃምሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ የንባብ መነጽር ያደረገ፣ ንጹሕ ሰው ነው። ከእኔ በዕድሜ ብዙ ይበልጣል፤ ሆኖም ከመጀመሪያው ቃል አንስቶ አንቱ አለኝ። «መምህር፣ ይቀመጡ» አለ። ሻይ ከፔርሙዝ ቀድቶ ሰጠኝ። ደብተሬ ፊቱ ተከፍቷል። በመስኮቱ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል፤ ቆርቆሮው ላይ አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ በከባድ እግሩ ወዲያና ወዲህ ይላል።

«ይቺ ሴት ማናት?» አለና አነበበ። «'ጆሮዬን ቁልፉ ላይ እለጥፋለሁ። የት እንደተሠራ፣ ማን እንደቀረጸው ይነግረኛል። በስሙ ስጠራው ይለቃል።' ይቺ በር የምትከፍት ማናት?»

«የለችም» አልኩት። «በጨዋታው ውስጥ ነው ያለችው።»

አስረዳሁት። አንድ ሰው ዓለሙን ይተርካል፤ በእኛ ዘንድ ተራኪው እኔ ነኝ። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው በዚያ ዓለም ውስጥ የሚኖር አንድ ሰው ይይዛሉ። ያ ሰው ችሎታ አለው፤ ችሎታው በቁጥር ተጽፏል። ዳይሱ ሲጣል ተሳካ ወይም አልተሳካም ይባላል። ሕጉን ከኢንተርኔት አውርጄ ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ።

እያቋረጠ ይጠይቀኛል፤ የሞኝ ጥያቄ አልነበረም። «ቁጥሩ ካለ፣ በቃል መተረኩ ለምን አስፈለገ?» አለኝ።

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። ሻዩን አስቀመጥኩና በሁለት እጄ ማስረዳት ጀመርኩ። «ቁጥሩ የሚነግረን መሳካቱን ብቻ ነው» አልኩት። «እንዴት እንደተሳካ የሚናገረው ባለቤቱ ነው። 'ሦስት ነጥብ አለኝ፣ ዱላ አይሰማኝም' ቢል ማንም ምንም አያይም። ምን እንደሚታይ፣ ምን እንደሚሸት ሲናገር ግን ሁላችንም እዚያው ነን።»

«ለምሳሌ?»

ምሳሌ ሰጠሁት። የባጃጅ ሹፌሩ በጨዋታው የያዘው ሰው ዱላ የሚችል እንደነበረ፣ መጀመሪያ ላይ ቁጥሩን ብቻ እየጠራ እንዴት እንዳስቸገረኝ፣ «እንዲህ አይባልም፤ ሕዝቡ ምን ያያል?» እያልኩ ስንት ቅዳሜ እንዳለፋሁት ነገርኩት። ኋላ አንድ ቀን ብድግ ብሎ የተናገረውን ራሴ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። መርማሪው ገጹን አገኘው። «'ጀርባዬ ዋንዛ ይሆናል። ዱላው ሲያርፍ ቅርፊቴ ይሰነጠቃል፤ ከሥሩ እርጥብ አረንጓዴ ይታያል እንጂ ደም የለም።'»

«ጎበዝ ነው» አለ።

«ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጠው» አልኩት፤ ኩራት ተሰምቶኝ ነበር።

እውነቱን ልናገር። በአራት ቀን ውስጥ እንደ ሰው ያናገረኝ እሱ ብቻ ነበር። ማስተማር ደግሞ እወዳለሁ። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማርኩት፤ በደንብም ተማረ።

መጨረሻ ላይ ደብተሩን ዘጋና መነጽሩን አወለቀ። «ገባኝ፤ ጨዋታ ነው» አለ። በዚያ ቀን የምንፈታ መሰለኝ። ክፍሉ ስገባ ለካቦው «ገባው» አልኩት። ካቦው ትከሻውን ሰበቀ።

ሁለት ቀን ቆይተው፣ ረፋዱ ላይ መልሰው ጠሩኝ።

ክፍሉ ያው ነው፤ ጠረጴዛው ግን ወደ ግድግዳው ተገፍቷል። ሹፌሩ ሸሚዙን አውልቆ በእንጨት አግዳሚ ላይ በደረቱ ተኝቷል፤ እጆቹ ከአግዳሚው ሥር ታስረዋል። እኔን ሲያይ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ቲቸር» አለ። አጠገቡ ሹራብ የለበሰ ወፍራም ሰው ቆሟል፤ ክንድ የሚያህል የውሃ ቧንቧ ጎማ ይዟል።

መርማሪው ወንበር ሳበልኝ። «መምህር፣ ባለፈው በደንብ አስረድተውኛል። ዛሬ እናየዋለን። እሱ ይመታል፤ እርስዎ የሚታየውን ይተርኩልናል። አሥር ነው። ሳይተረክ ያለፈ ግን አይቆጠርም።»

«ገብቶኛል ብለዋል እኮ» አልኩት። «ጨዋታ መሆኑን ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ» አለ። «ለዚህ እኮ ነው።»

የመጀመሪያው አረፈ። ድምፁ እርጥብ ልብስ ድንጋይ ላይ ሲመታ እንደሚሰማው ነው።

«አልተቆጠረም» አለ መርማሪው።

ሁለተኛው አረፈ። «ዋንዛ ነው» አልኩ። «ጀርባው ዋንዛ ነው።»

«ይሄማ ተጽፏል» አለ ደብተሩን እያሳየኝ። «ከደብተሩ ያልሆነ። አልተቆጠረም።»

በሦስተኛው ጀመርኩ። ምን እንዳልኩ አስታውሳለሁ፤ አንዱንም አልረሳሁም። ቅርፊቱ ውስጥ ስላሉ ጉንዳኖች ተናገርኩ። «አንድ» አለ መርማሪው። ሥሩ ወለሉን ሰንጥቆ ሲወርድ ተናገርኩ። «ሁለት።» ጎማው ዘሎ ሲመለስ የሚመታውን ሰው ክንድ እንደሚያሳምመው ተናገርኩ። ወፍራሙ ሰው ሳቀ። «ሦስት።» ጓደኛዬ ጥርሱን ነክሷል፤ በአፍንጫው ይተነፍሳል። እኔ የማየው ግን ጀርባውን አልነበረም፤ የሚቀጥለውን አረፍተ ነገር ነበር። አራተኛውን ለማስቆጠር፣ «ውሃው ከግንዱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቅጠሉ ሁሉ ያለ ነፋስ ይንቀጠቀጣል፤ ከዛፉ ሥር የተቀመጡ ሰዎች ዝናብ መጣ ብለው ይነሳሉ» አልኩ።

«አቤት!» አለ መርማሪው። «አራት።»

አረፍተ ነገሩ አማረልኝ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ስድስት ጊዜ በተመታ ሰው ራስጌ ሆኜ፣ ለአንዲት አፍታ ደስ አለኝ።

አምስተኛውንም ተረክኩ፤ ተቆጠረ። ስድስተኛው ሲያርፍ አፌን ስከፍት፣ ጓደኛዬ አንገቱን አዞረ። ጉንጩ አግዳሚው ላይ ተለጥፏል፤ አንዱ ዓይኑ ብቻ ይታየኛል።

«ቲቸር፣ ተው» አለ።

«የኔ ነው» አለ። «የኔን እኔ ነኝ የምናገረው።»

መርማሪው ወደ ፊት ጎንበስ አለ። በእርግጥ መስማት ፈልጎ ነበር። «በል ተናገራ» አለው። እኔን አንቱ፣ እሱን አንተ።

ጓደኛዬ ምራቁን ለመዋጥ ጊዜ ፈጀበት። «ጀርባ ነው» አለ። «የኔ ጀርባ ነው። ያመኛል። ሌላ ምንም አይደለም።»

መርማሪው ትንሽ ጠበቀ፤ የሚቀጥል መስሎት ነበር። ከዚያ ተመልሶ ወንበሩን ተደገፈ። «ይሄ አይቆጠርም» አለ። ወደ እኔ ዞረ። «መምህር?»

አፌን ዘጋሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቁጥር አላውቅም፤ የሚቆጥር አልነበረም። በእያንዳንዱ ምት መርማሪው ዓይን ዓይኔን ያያል። አምስት አረፍተ ነገር ነበር የቀረኝ። አምስት ብናገር ኖሮ ያበቃ ነበር፤ ወይም ያበቃል ተብሏል። ዝም ያልኩት እሱ ተው ስላለኝ ነው፤ ለእሱ ብዬ ይሁን ለራሴ ግን ያን ጊዜም አላወቅሁም። «እኔን ምቱኝ» አልኩ አንድ ጊዜ። «እርስዎ ችሎታው የለዎትም» አለኝ መርማሪው። ጓደኛዬ መጮህ ጀመረ። መጀመሪያ በአማርኛ ነበር፤ ኋላ በእናቱ ቋንቋ፣ በሲዳምኛ ሆነ። አንድ ቃል ይደጋግማል። እዚህ ከተማ አሥራ አንድ ዓመት ስኖር ገበያ የሚያስኬድ ያህል እንኳ አልተማርኩትም ነበርና ምን እንደሚል አላወቅሁም።

ያበቃው ወፍራሙ ሰው ቆም ብሎ ሰዓቱን ስላየ ነው። ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር።

ወደ ክፍሌ ስመለስ ሰው ሁሉ አየኝ። ረጅም ሰዓት ቆይቼ፣ ገላዬ ላይ አንድ ምልክት ሳይኖር በእግሬ ሄጄ ገባሁ። እዚያ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። «ዘፈንክ?» አለኝ ካቦው። ሰው አሳልፈህ ሰጠህ ወይ ማለቱ ነው።

«አልዘፈንኩም።»

«ታዲያ?»

«ጓደኛዬ ሲደበደብ ተረት አወራሁ» አልኩት።

ማንም አልሳቀም። በዚያ ሳምንት ማንም ከእኔ ጋር እንጀራ አልቆረሰም። ውሃ የያዘው ሃይላንድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እኔ ዘንድ ሳይደርስ ይመለሳል። አልፈረድኩባቸውም።

ያናገረኝ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ። ከከተማው ወጣ ካለ ቀበሌ የመጡ ገበሬ ናቸው፤ አማርኛቸው ቀስ ያለ፣ ቃል እየመረጠ የሚሄድ ነው። በሦስተኛው ቀን አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ።

«ልጁ ጮኸ?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባባ።»

«በምን ቋንቋ?»

«በሲዳምኛ።»

«ምን አለ?»

«አላወቅሁም። ልበልልዎት?» አልኩና ጆሮዬ ውስጥ የቀረውን ድምፅ እንደ ምንም ደገምኩላቸው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ምን ማለት ነው፣ አባባ?»

«ለእናቱ ነው የተናገረው» አሉ። «ላንተ አይደለም።» ተነስተው ወደ ቦታቸው ሄዱ።

ከወር በላይ ካለፈ በኋላ መርማሪው ለመጨረሻ ጊዜ አስጠራኝ። ጠረጴዛው ወደ ቦታው ተመልሷል፤ ሻይም አለ። አንድ ገጽ በኮምፒውተር የተጻፈ ወረቀት ገፋልኝ። የእኔ ቃል ነው ተብሎ የተዘጋጀ ነው። ስለ እኔ የተጻፈው ቀላል ነበር። ፋርማሲስቷን ከነጭራሹ አያነሳትም፤ ቀደም ብላ ተፈትታለች። መሃሉ ላይ ግን እንዲህ ይላል፦ «ሦስተኛው ግለሰብ ድብደባን ለመቋቋም ልዩ ሥልጠና የወሰደ መሆኑን፣ ይህንንም ችሎታውን በዓይኔ ማየቴን አረጋግጣለሁ።»

«ይፈርሙና ዛሬ ከሰዓት ቤትዎ ነዎት» አለ።

«ይህ ውሸት መሆኑን ያውቃሉ።»

«በዓይንዎ አላዩም?»

እስክሪብቶውን አነሳሁ። ጀግና አልነበርኩም፤ ቤቴን እፈልግ ነበር። ያን አረፍተ ነገር ሰረዝኩትና ከጎኑ በእጄ ጻፍኩ፦ «ሥልጠና አልወሰደም። እኔ እያየሁ ተደበደበ። አመመው። ጮኸ።» ከሥሩ ፈረምኩ።

መርማሪው መነጽሩን አድርጎ አነበበው። ሳይቆጣ ወረቀቱን አራት ቦታ ቀደደና ሌላ ቅጂ ከመሳቢያው አወጣ። ያንኑ ሰረዝኩ፤ ያንኑ ጻፍኩ። ሦስተኛ ቅጂ አወጣ። ሦስተኛውም ላይ ያንኑ ጻፍኩ።

«ከእርስዎ የተሻለ ነገር ጠብቄ ነበር» አለኝ። አልመታኝም። ወደ ክፍሌ መለሱኝና ሌላ ሠላሳ አንድ ቀን ተቀመጥኩ። ከዚያ በአንድ ከሰዓት፣ ማንም ምንም ሳይጠይቀኝ፣ ሳልፈርምም፣ ስሜ ተጠርቶ ወጣሁ። ጓደኛዬ ከእኔ በኋላ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ተፈታ። ፍርድ ቤት የሚባል አላየንም።

ፋርማሲስቷ ከተማውን ለቃ ሄደች፤ ስልኳ አይነሳም። እኔን ትምህርት ቤቴ መልሶ ወሰደኝ። ጓደኛዬ ባጃጁን ሸጠ፤ ንዝረቱን ወገቡ አልቻለም። አሁን መናኸሪያ አካባቢ የባጃጅ መለዋወጫ በሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራል። ከሱቁ ዱካ ላይ ሲቀመጥ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል።

ብዙ ጊዜ በዚያ መንገድ እያለፍኩ አልገባሁም። የገባሁ ቀን የመስተዋት ላስቲክ የሚፈልግ ደንበኛ ነበረው። ሰውየው እስኪሄድ ቆምኩ። «ቲቸር፣ ተቀመጥ» አለኝ። ተቀመጥኩ። ይቅርታ ልጠይቀው ያዘጋጀሁት ነገር ነበር፤ ረጅም ነበር። ጀመርኩት።

በእጁ አስቆመኝ። «ጎማውን ረስቼዋለሁ» አለ። «እውነቴን ነው። የሚመጣብኝ ያንተ ድምፅ ነው።»

«ምን የሚለው?»

«ሁሉም። ጉንዳኑ። ዝናብ መጣ ብለው ተነሱ ያልከው። ጥሩ አድርገህ ነበር የተናገርከው፤ ችግሩ እሱ ነው።» ሌላ ደንበኛ ገባና ሊያስተናግድ ተነሳ። ሲነሳ ጠረጴዛውን በሁለት እጁ መደገፍ አለበት።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እሄዳለሁ። ስለ ቤንዚን ሰልፍ፣ ስለ ኳስ እናወራለን። ሰው ስለ እስሩ ሲጠይቀኝ የምነግረው ስለ ትኋኑ ነው፤ ሰው ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። ይህን መጻፍ ባሰብኩ ጊዜ ግን መጀመሪያ እሱ ዘንድ ሄድኩ። ብሎን በየመጠኑ እየለየ ነበር።

«ልጽፈው አስቤያለሁ» አልኩት። «ከፈቀድክ።»

ብሎኖቹን መለየቱን አላቆመም። የሚከለክለኝ መስሎኝ ልነሳ ስል ቀና አለ።

«ጻፈው» አለኝ። «ግን አታሳምረው።»

ሞክሬያለሁ።